ልጅ የቤቱን ጉዳይ ሲሸከም፦ በውጭ አገር የምንኖር ወላጆች ተደጋግመው የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ስለየትኞቹ ልጆች ነው?

አሜሪካ፣ እስራኤል፣ እንግሊዝና ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ውስጥ በአማርኛ ተናጋሪ ቤት ስለሚያድጉ ልጆች ነው። ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ቀድመው ስለያዙ የመጣውን ደብዳቤ ያነባሉ፣ ስልክ ያነጋግራሉ፣ የቤት ኪራይ ውል ያያሉ፣ ሐኪም ቤት ያስተረጉማሉ። እናትና አባት በፈረቃ ሲሠሩ ታናናሾቻቸውን ያበላሉ፣ ያስተኛሉ። ሸክሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በመጀመሪያ ልጅ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄዎቹ ወላጆች በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመስጊድ፣ በዕድር ስብሰባና በስልክ የሚያነሷቸው ናቸው። መልሱን የምጽፈው በአስተርጓሚነት ስሠራ ካየሁትና ካነበብኩት ተነስቼ ነው። ስለ ሕግ ያልኩት አጠቃላይ ስለሆነ ለራስዎ ጉዳይ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እኔ በእሱ ዕድሜ ከብት እጠብቅ ነበር። አንድ ወረቀት ቢያነብልኝ ምን ይሆናል?»

ከሁሉ በላይ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። አገር ቤት ልጅ ይሠራል። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ጥጃ ያግዳል፣ ታናሹን ያዝላል። ብዙዎቻችን ያደግነው እንዲህ ነው። በዕድሜው ልክ የተሰጠው ሥራ ልጅን እንደማይጎዳው እኔም አምናለሁ።

ግን ያደግንበትን ቤት ደግመን እናስበው። እረኛው ልጅ አባቱ ከማን ስንት ብር እንደተበደረ ያውቅ ነበር? የመሬት ክርክር ሲነሳ ዳኛ ፊት ቆሞ በአባቱ ፈንታ ይናገር ነበር? አዋቂዎች ቁም ነገር ሲጀምሩ «ሂድ ውጭ ተጫወት» ይባላል እንጂ መሃላቸው አይቀመጥም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይጠራል። ቤት ውስጥ የታመመ ሲኖር የሚመካከሩት አጎቶችና አክስቶች ናቸው። ልጅ በጉልበቱ ያግዛል፤ የአዋቂው ጭንቀት ግን ከእሱ ይሸሸግ ነበር።

እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ብዙ ቤት ልጅቷ ሳህን እንኳ አታጥብም፤ «አንቺ ትምህርትሽን ብቻ» ትባላለች። ያቺው ልጅ ግን የስንት ወር ኪራይ እንዳልተከፈለ፣ የአባቷ ስኳር በሽታ ኩላሊቱን እንደነካው፣ የእናቷ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ለምን እንደዘገየ ከማንም በፊት ታውቃለች። ፖስታውን የከፈተችው እሷ ናትና። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና «ከቤት ቢያስወጡንስ?» እያለች ታስባለች፤ ቀን ግን ምንም እንዳልሆነች ሆና ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ስለዚህ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ሳህኑን ትጠብ፣ ሽንኩርት ትክተፍ፣ ታናሿን የቤት ሥራ ታሠራ። የኪራዩ፣ የሐኪሙና የፍርድ ቤቱ ወረቀት ወደ አዋቂ ይመለስ።

«ማስተርጎሙ ለልጁ ጥሩ አይደለም? ቋንቋው ይጎለብታል፣ በራሱ ይተማመናል።»

እውነት አለው። ማርጆሪ ኦሬሊያና የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ ለወላጆቻቸው የሚያስተረጉሙ የስደተኛ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ልጆቹ ይህን የሚያዩት እንደ ተራ የቤት እገዛ ነው፤ ከትምህርት ቤት ውጭ ትልቅ የቋንቋ ችሎታም ያዳብሩበታል። ሱቅ ውስጥ ዋጋ መጠየቅ፣ አውቶቡስ የት እንደሚቆም ማጣራት፣ የአያትን ስልክ ማስተካከል ልጅን ያኮራል። ይህን ማንም አይቃወምም።

ልዩነቱ የሚመጣው በጉዳዩ ክብደትና ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ ነው። የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያው ሳልቫዶር ሚኑቺን በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ከድሃ ቤተሰቦች ጋር ሲሠሩ ወላጅን ተክተው የሚሠሩ ልጆችን በብዛት አይተው ነበር። ሚኑቺን እንደሚሉት ወላጅ «ይህን አንተ ሥራ፣ ሌላውን እኔ አለሁ» ብሎ ለይቶ ከሰጠና ሥልጣኑ በእጁ ከቆየ ልጁ ኃላፊነትን ይማራል። ወላጅ ከነጭራሹ ሲለቅ ነው የሚጎዳው። ልጁ የማይችለውን ይሸከማል፣ ሲሳሳት ደግሞ የሚያርመው የለም።

እኛ ቤት ይህ መልቀቅ የሚጀምረው በቀስታ ነው። መጀመሪያ «አንብብልኝ»፣ ቀጥሎ «ደውልላቸው»፣ ቀጥሎ «አንተ የመሰለህን መልስ ስጣቸው»። ሦስተኛው ላይ ከደረሳችሁ የቤቱ አባወራ ልጁ ሆኗል ማለት ነው።

«ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ እንግሊዝኛዋ ጎበዝ ነው። ሐኪም ቤት እሷ ብታስተረጉም ምን ችግር አለው?»

አንዱ ችግር የእርስዎ ነው፣ ሌላው የእሷ።

የእርስዎን ላስቀድም። የልጅ አማርኛ የኩሽናና የሳሎን አማርኛ ነው። «ሐሞት ከረጢት»፣ «ጣፊያ»፣ «የደም መርጋት» የሚሉትን ከየት ሰምታ ታውቃቸዋለች? ያልገባትን ትዘለዋለች፣ ወይም የመሰላትን ትናገራለች። ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ሰዓት ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቱን ጠዋት በ8 እና ማታ በ8» ሲል፣ እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ «በስምንት ሰዓት ዋጪ» ትላለች። እናት የምትውጠው በእኛ ስምንት ሰዓት፣ ማለትም ከቀኑ በፈረንጆቹ 2 ሰዓት ላይ ነው። ቀጠሮም እንዲሁ ያልፋል። ልጅቷ ስህተት መኖሩን እንኳ አታውቅም።

በ2003 ግሌን ፍሎሬስና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የሕፃናት ክሊኒክ ውስጥ ከስፓኒሽ የተተረጎሙ 13 የሕክምና ቀጠሮዎችን ቀርጾ መረመረ። 396 የማስተርጎም ስህተት ተገኘ፤ በአማካይ በአንድ ቀጠሮ 31። ከስህተቶቹ 63 በመቶው በሕክምናው ላይ ጉዳት ሊያመጡ የሚችሉ ነበሩ። ሙያው የሌለው ሰው ካስተረጎመ ይህ ቁጥር 77 በመቶ፣ የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ ከሆነ 53 በመቶ ነበር። ባለሙያውም ይሳሳታል ማለት ነው፤ ያልሠለጠነው ግን አደገኛውን ስህተት ያበዛል።

አሁን ወደ ልጅቷ። በእኛ ባህል መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። ዘመድና ጎረቤት ተማክሮ፣ ትልልቅ ሰዎች ተመርጠው፣ ማልደው ሄደው ነው የሚነገረው። ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማው፣ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ እንዲኖር ይታሰብለታል። ልጅ መርዶ ነጋሪ ሆኖ አያውቅም። የምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ሐኪሙ «እጢው ካንሰር ነው» ብሎ ወደ 12 ዓመቷ ልጅ ዞሮ ይጠብቃል። ለራሷ ገና ሳትደነግጥ ለእናቷ መናገር አለባት። ብዙ ልጆች እዚያች ቅጽበት ላይ ይዋሻሉ፤ «ትንሽ ቁስል ነው አለ» ይላሉ። ምስጢሩን ብቻቸውን ይዘውት ወደ ቤት ይመለሳሉ። እናትየው መድኃኒቱን ባትወስድ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ይቆጥሩታል።

የማሕፀን፣ የውርጃ፣ የኤች አይ ቪ፣ የአእምሮ ጤና ጉዳይ ሲሆን ደግሞ እናት ራሷ በልጇ ፊት እውነቱን አትናገርም። ሐኪሙ ያልሰማውን ሊያክም አይችልም።

የአሜሪካ ሕግም ይህን ያውቃል። በአፎርደብል ኬር አክት (ኦባማኬር በሚባለው የጤና ሕግ) አንቀጽ 1557 ሥር በወጣው ደንብ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ወይም ክሊኒክ «አስተርጓሚ ይዘው ይምጡ» ብሎ ሊያስገድድዎ አይችልም፤ ከ18 ዓመት በታች በሆነ ልጅም መጠቀም የለበትም። የሰውን ደህንነት ወዲያው የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ሲኖርና ብቁ አስተርጓሚ በቅጽበት ሳይገኝ ሲቀር ብቻ፣ እስኪገኝ ድረስ ለጊዜው ይፈቀዳል። ሜዲኬይድና ሜዲኬር የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች በዚህ ሥር ይገባሉ።

አስተርጓሚ እንዴት እጠይቃለሁ? እከፍላለሁ?

አይከፍሉም። ቀጠሮ ሲይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ማለት ይበቃል። ይህችን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ፊደል አስጽፈው በቦርሳዎ ይያዙ፤ መስኮቱ ላይ ያሳዩ። ባለሙያው በአካል ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በስልክ ወይም በቪዲዮ ነው። ፋይልዎ ላይ ቋንቋዎ አማርኛ ተብሎ መመዝገቡን አንድ ጊዜ ያረጋግጡ፤ ከተመዘገበ በሚቀጥለው ራሳቸው ያዘጋጃሉ።

ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ይበልጥ የሚቀናዎ ከሆነ እሱን ይጠይቁ። ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ አማርኛ ይቀለዋል ብለው የሚገምቱ ቢሮዎች አሉ።

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ከሆነ ተጨማሪ አለዎት። የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 የወጣ ሲሆን የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ዋና ዋና ወረቀቶችንም ብዙ ተናጋሪ ወዳላቸው ቋንቋዎች እንዲተረጉሙ ያስገድዳል። አማርኛ ከእነዚህ አንዱ ነው።

በ2000 የወጣውና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ እንዲደርሱ ያዘዘው የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ በማርች 2025 መሻሩን ሰምተው «ከእንግዲህ መብት የለንም» የሚሉ አሉ። የተሻረው ትዕዛዙ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና አንቀጽ 1557 በኮንግረስ የወጡ ሕጎች ናቸው፤ በትዕዛዝ አይሻሩም። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ «ቀርቷል» ካለችዎ ኃላፊ ያስጠሩ።

«አስተርጓሚው አበሻ ከሆነ ምስጢሬ ይወጣል። ከሱ ልጄ ትሻለኛለች።»

ይህን ፍርሃት አቅልዬ አላየውም። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሁላችንም በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ሃላል ሱቅ፣ በአንድ ለቅሶ ቤት እንገናኛለን። ሰው ያፍራል፤ ማፈሩም ትክክል ነው።

መፍትሔ ግን አለው። የስልክ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ሌላ ስቴት የተቀመጠ ሰው ነው፣ አያውቅዎትም፣ ፊትዎንም አያይም። ስሙን ሳይሆን የመለያ ቁጥሩን ነው የሚናገረው። በአካል የመጣው ሰው የሚያውቁት ከሆነ «ሌላ ይምጣልኝ» ማለት ይችላሉ፤ ምክንያት መስጠት የለብዎትም፣ እኛም አንቀየምም። አስተርጓሚ የሰማውን ለሌላ እንዳይናገር የሙያው ሥነ ምግባር ያስገድደዋል። ቢናገር ለሐኪም ቤቱ አቤት ይበሉ፤ በጣም ከባድ ጥፋት ነው።

ደግሞም አንድ ነገር ያስቡ። ከአበሻ አስተርጓሚ የሸሸጉትን ምስጢር ለልጅዎ ነው የሰጡት። እሷ ለማን ትንገረው?

ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ላይስ?

ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ልጁ ስለራሱ ጥፋት የሚያስተረጉምበት ስብሰባ ለማንም አይጠቅምም፤ መምህሩ «ሦስት ቀን ቀርቷል» ሲሉ «ጎበዝ ነው አሉ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ልጅዎ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነና ለአይኢፒ (ለልጁ የተለየ የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ከተጠሩ፣ ወላጅ የሚባለውን እንዲረዳ አስተርጓሚን ጨምሮ የሚያስፈልገውን ማዘጋጀት በፌዴራል ሕግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ሳይገባዎ አይፈርሙ። ለሌላ ቀን እንዲቀጠር ይጠይቁ።

የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ ልጄ ሊያስተረጉም ይችላል?

ከ18 ዓመት በታች ከሆነ አይፈቀድም። በዩኤስሲአይኤስ (የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ አመልካቹ የራሱን አስተርጓሚ ይዞ ይቀርባል፤ አስተርጓሚው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ጠበቃዎ ወይም ምስክርዎም ሊሆን አይችልም። ብቁ አስተርጓሚ ሳይዙ ቢቀርቡ ቃለ መጠይቁ ሊሰረዝና እንዳልቀረቡ ሊቆጠርብዎ ይችላል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ አስተርጓሚ የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ራሱ ነው፣ በነፃ።

18 የሞላው ልጅ ቢሆንስ? ሕጉ ይፈቅዳል፣ እኔ ግን አልመክርም። እስር ቤት የደረሰብዎትን፣ የተፈጸመብዎትን ግፍ በዝርዝር መናገር አለብዎት። ልጅዎ ፊት ሆነው ይቀንሱታል፤ ማመልከቻው ላይ ከጻፉት ጋር አይገጥምም፣ ጉዳይዎም ይጎዳል። ልጅዎም አባቱ ላይ የተደረገውን በራሱ አፍ፣ «እኔ» እያለ ሲናገረው ይውላል። ጠበቃ ቤት ለሚጻፈው የመጀመሪያ ታሪክም ይኸው ነው።

ፖሊስ ቤት ቢመጣ፣ ወይም 911 መደወል ቢያስፈልግ?

911 ደውለው «አምሃሪክ» ይበሉ፤ መስመር ላይ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። እስኪገናኝ ስልኩን አይዝጉ። አድራሻዎን በእንግሊዝኛ መናገር ይልመዱ፣ ይህ አንዱ የግድ ነው።

ባልና ሚስት ተጣልተው፣ ምት ተፈጽሞ ፖሊስ ሲመጣ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ከሁሉም የከፋው ነው። ልጁ ወይ አባቱን ያሳስራል፣ ወይ እናቱን ይከዳል። እናቶች ሆይ፣ ፖሊሱ ወደ ልጁ ሲዞር «ኖ፣ ኢንተርፕሪተር» ብላችሁ ቁሙ።

እስራኤልና አውሮፓ ውስጥስ?

እስራኤል ውስጥ ይህ ጉዳይ የቆየ ታሪክ አለው። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በሜይ 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 የሚበልጥ ሰው ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ሲገባ፣ አብዛኛው ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር የመጣ ገበሬና የእጅ ባለሙያ ነበር። ልጆች ብዙዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ዕብራይስጥ በወራት ያዙ። አባት በመንደሩ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ ነበር፤ እዚያ ግን በቢቱአሕ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን መሥሪያ ቤት) መስኮት ፊት የ10 ዓመት ልጁን ጠብቆ የሚናገር ሰው ሆነ። ያ ትውልድ ዛሬ ወላጅ ሆኗል፤ በልጅነታቸው ኩፓት ሖሊም (የጤና መድን ክሊኒክ) ለአያታቸው ሲያስተረጉሙ ያደጉት ስለዚህ ዛሬ በግልጽ ያወራሉ። የጤና ሚኒስቴሩ በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲያደርጉ ታዘዋል። ቴኔ ብሪኡት የተባለው ድርጅትም በአማርኛና በዕብራይስጥ መካከል በስልክ የማስተርጎም አገልግሎት ገንብቷል። ስለዚህ ክሊኒኩ ውስጥ የስልክ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

እንግሊዝ አገር በኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል። የታመመ ወይም አካል ጉዳተኛ ወላጅ የሚያስታምም ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ ደግሞ፣ በ2014ቱ የልጆችና የቤተሰቦች ሕግ መሠረት ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የልጁን ሁኔታ የመገምገምና ምን ድጋፍ እንደሚያስፈልገው የማየት ግዴታ አለበት። ብዙ ወገኖቻችን «ሶሻል ሰርቪስ ልጄን ይወስድብኛል» ብለው ይደብቃሉ። ግምገማው የተዘጋጀው ሸክሙን ለማቅለል ነው፤ በልጁ ትምህርት ቤት በኩል መጀመር ይቻላል።

ስዊድንም በአስተዳደር ሕጓ፣ ስዊድንኛ የማይችል ሰው ሲቀርብና አስፈላጊ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ እንዲጠቀም ታዛለች።

«እኔና ባለቤቴ ስንኳረፍ ልጃችን ያስታርቀናል። እግዚአብሔር የሰጠን አስታራቂ ነው።»

ይህ ከወረቀቱም ይከብዳል። «ለአባትህ እራት ቀርቧል በለው»፣ «ለእናትሽ የመኪናውን ቁልፍ ትስጠኝ በያት» እየተባለ የሚውል ልጅ አለ። አዋቂዎቹ ሳምንት ተኳርፈው ይታረቃሉ፤ እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሁለቱን ፊት እያየ ነው የሚውለው። መቼ ድምፅ ከፍ እንደሚል፣ ማን እንደሚያለቅስ አስቀድሞ ማወቅ ይለምዳል። እንዲህ ያደጉ ልጆች «በጣም ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» ይባላሉ።

እናት አባቱን ለልጇ ስታማ፣ አባት «እናትህ ናት እዚህ አገር ያመጣችኝ» እያለ ሲያለቅስበትም ያው ነው። ብቸኝነቱ ይገባኛል፤ እህት፣ ጓደኛ፣ የክርስትና እናት ያለችበት አገር አይደለም። ግን ቄስ አለ፣ ሼክ አለ፣ ፓስተር አለ፣ የታመነ ሽማግሌ በስልክም ቢሆን አለ። የትዳር ጉዳይ ወደዚያ ይሂድ። ትናንት በልጁ በኩል መልእክት ልከው ከሆነ ዛሬ ጠርተው «የእኔና የአባትህ ጉዳይ የእኛ ነው፣ ካንተ አይጠበቅም» ይበሉት። ልጆች ይህን ዓረፍተ ነገር በግልጽ መስማት ያስፈልጋቸዋል።

ትልቋ ልጃችን ታናናሾቿን ትጠብቃለች። ስንት ሰዓት ነው ብዙ?

ሕጉ እንደየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ ለምሳሌ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ የሚጠብቀው ሰው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የ11 ዓመቷን ልጅ ከ4 ዓመት ወንድሟ ጋር ትቶ የማታ ፈረቃ መግባት ወላጅን ያስከስሳል። የሚኖሩበትን ስቴት ደንብ ያጣሩ።

ከሕጉ ውጭ የእኔ መለኪያ እንቅልፍና ትምህርት ናቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ሁለት ሰዓት ታናሽን ማየት አንድ ነገር ነው። ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስ የምትነሳው እሷ ከሆነች፣ ታናሹ ሲወድቅ የምትሰደበው እሷ ከሆነች፣ ስፖርቱንም ክበቡንም ትታ ሁልጊዜ ወደ ቤት የምትሮጥ ከሆነ የእናት ሥራ ላይ ናት። ጥፋት ቢፈጠር ተጠያቂው አዋቂው መሆኑን ታናናሾቹ ፊት ይንገሯት። የምታደርገውን ደግሞ አይለፉት፤ አመስግኗት፣ የራሷ የሆነ ቀን ስጧት።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ሥራ ይዞ ኪራይ ያግዘኛል። ይፈቀዳል?

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንት ከ18 ሰዓት በላይ መሥራት አይችሉም። ስቴትዎ ከዚህ ሊያጠብቅ ይችላል። ከደመወዙ ግማሹ እንኳ በራሱ ስም ይቀመጥለት።

«16 ዓመቴ ነው። ሁሉም ነገር በእኔ ላይ ነው። እምቢ ብል ውለታ ቢስ አልሆንም?»

አትሆኚም። ወላጆችሽ የከፈሉትን ዋጋ ታውቂያለሽ፤ ስለምታውቂ ነው ለመናገር የከበደሽ። እምቢ ከማለት ይልቅ ከአንድ ነገር ጀምሪ። «እማዬ፣ ደብዳቤዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ አነብልሻለሁ፣ ሐኪም ቤት ግን አስተርጓሚ ይምጣልሽ፤ ስሳሳት እፈራለሁ» በያት። ፍርሃትሽን ስትሰማ ነው የሚገባት፤ እስካሁን ጎበዝ ስለሆንሽ እንደሚቀልሽ ነበር የምታስበው። ራስሽ መናገር ካቃተሽ አክስትሽን ወይም የምታከብሪውን ትልቅ ሰው ላኪ፤ አማላጅ መላክ በእኛ ዘንድ ያለ ነው። የትምህርት ቤት አማካሪሽንም አነጋግሪ። ቤት ውስጥ የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ካለ ግን ሽማግሌ አትጠብቂ፣ ለአማካሪሽ ዛሬውኑ ንገሪ።

«ገብቶናል፤ ግን ሌላ ሰው የለንም። ከየት እንጀምር?»

ከፖስታ ሳጥኑ። የመጣውን ሁሉ ልጁ እንዳይከፍት፤ እርስዎ ከፍተው ለዩት። ማስታወቂያውን ይጣሉ፣ ቢል በአንድ ቦታ፣ ከፍርድ ቤት፣ ከኢሚግሬሽን ወይም ከሐኪም ቤት የመጣውን በሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ሁለተኛው ክምር ልጅ ዘንድ አይሄድም። የዛሬ ስልኮች ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ወደ አማርኛ ይገለብጣሉ፤ አማርኛው ይንሻፈፋል፣ ለፊርማ አይታመንም፣ ግን ደብዳቤው ስለምን እንደሆነ ለማወቅ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ ላይ ደውለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ዕድሮቻችንና ማኅበሮቻችን እዚህ ላይ ብዙ መሥራት ይችላሉ። ሰው ሲሞት ሬሳ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ቀን ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር፣ በወር አንድ እሑድ ሁለት የተማሩ አዋቂዎችን አስቀምጦ ወረቀት ማስነበብ አያቅተውም። እባካችሁ የዕድር አመራሮች፣ ይህን በአጀንዳ ያዙት። ምስጢር ጠባቂ ሰው ምረጡ፣ ክፍሉ በር ያለው ይሁን።

ራስዎም ቋንቋውን ይማሩ። በድካም ላይ ድካም መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌሊት መኪና ሲያቆም አድሮ ጠዋት ክፍል መግባት ቀላል አይደለም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ኮሚኒቲ ኮሌጆች ለአዋቂ የሚሆን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሰጥ ትምህርት አላቸው። እንግሊዝኛው አልገባ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ለዜግነት ፈተናም ልጅ ማስጨነቅ የለባቸውም። 50 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት የኖሩ የእንግሊዝኛው ፈተና ቀርቶላቸው የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በራሳቸው ቋንቋ በአስተርጓሚ መፈተን ይችላሉ።

ልጄ እየተጎዳ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጮኾ የሚያምፀውን ማንም ያየዋል። የሚያሳስበኝ ጸጥ ያለው ነው። ደጋግሞ የሆድ ወይም የራስ ምታት የሚለው፣ ስልክ ሲጮህ የሚደነግጥ፣ ጫማ ተቀዶበት «ውድ ነው» ብሎ የማይጠይቅ፣ ጓደኛ ቤት ማደር የማይፈልግ ልጅ። «እኔ ከሌለሁ እናቴ ምን ትሆናለች?» ብሎ ሩቅ ያለ ኮሌጅ የማያመለክትም አለ። እነዚህን ካዩ ለሕፃናት ሐኪሙ ይንገሩ፤ ያን ቀን ደግሞ የሚያስተረጉመው እሱ አይሁን።

«ልጄ አድጋ ከቤት ወጥታለች። አሁንም ስደውልላት በድንጋጤ ነው የምታነሳው።»

ለዓመታት የእርስዎ ስልክ ለእሷ ችግር ማለት ስለነበር ነው። ከእንግዲህ ሲደውሉ ሰላምታውን «ሁላችንም ደህና ነን» ብለው ይጀምሩ። ጉዳይ ካለዎት ከሰላምታው ለይተው በጽሑፍ ይላኩላት፣ የምትችልበትን ቀንም እሷ ትንገርዎት። ስለዚያ ጊዜ ማውራት ከፈለገች ደግሞ «ምን አማራጭ ነበረን?» ብለው አያቋርጧት፤ መጀመሪያ ትጨርስ።